ሁለተኛው ቁልፍ



ባለፈው ክረምት በመኪና ስንሄድ የደረሰብንን አንድ ነገር ልናካፍላችሁ ወደድን። ማንም አልተጎዳም፤ መኪናዋም አልተጫረችም። ትራፊክ ፖሊስ አልመጣም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ የቆየ ጉዳይ በልባችን አላስቀምጥ ስላለን፣ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብለን ጻፍነው።

"እኛ" የምንለው ባልና ሚስቱን ነው። አንባቢ ገና ከጅምሩ "ለመሆኑ ማን ነበር የሚነዳው?" ብሎ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ መሆናቸውን ለሚጋቡ ወጣቶች ከሃያ ዓመት በላይ ስናስተምር ኖረናልና፣ ለጊዜው ጥፋቱን ለሁለታችን እኩል እናካፍለው።

መኪናችን የኤሌክትሪክ ናት። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የተነገረው በጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች እየበዙ መጡ። እኛም ብዙ ዘመን ያገለገለችንን አሮጌ መኪና ሸጠን፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን ተበድረን አንዷን ገዛን። ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልን፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜያችን እንደገና ተማሪ ቤት ገባን።

መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች በመሆኗ ስክሪኗ የሚጽፈው በቻይንኛ ነው። ልጃችን በስልኳ እያስተረጎመች፣ በትንንሽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፋ ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፈችልን። አንዱ ወረቀት "ጉም ማጥፊያ" ይላል፤ ሌላው "ሙቀት" ይላል። ሦስቱ ላይ ደግሞ "አትንኩ" ብላ ጻፈችባቸው። ማርሹ እንደ ድሮው በእጅ የሚጎተት ዘንግ አይደለም። አራት ቁልፎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፦ ለመቆሚያ ፒ፣ ወደ ኋላ ለመሄድ አር፣ ለዜሮ ማርሽ ኤን፣ ወደ ፊት ለመሄድ ዲ። የጉም ማጥፊያው ቁልፍ ከእነርሱ በላይ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ሁሉም አንድ መጠን፣ አንድ ቀለም ናቸው።

ሐምሌ አጋማሽ ነበር። ሱሉልታ ለቅሶ ደርሰን ወደ ማታ እየተመለስን ነው። የኋላው ወንበር ላይ የአንዳችን እናት፣ የሁለታችንም እማማ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ከተራራው ላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከጎጃም መስመር የሚመጡ የጭነት መኪኖች ይበዙበታል። በክረምት ደግሞ ደመናው አስፋልቱ ላይ ይተኛል።

ዝናቡ በረታ። ሦስት ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲተነፍስ እንደሚሆነው፣ የፊቱ መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፈነ። ዓይን ከመንገዱ ሳይነሣ አንድ እጅ ወደ ዳሽቦርዱ ተዘረጋና የጉም ማጥፊያውን በዳሰሳ ፈለገ። አገኘሁ ብሎም ተጫነ። ቀጭን "ቲን" የሚል ድምፅ ተሰማ። መስታወቱ ግን አልጠራም።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ልማድ ያወጣል። እግሩን ከመርገጫው ላይ ሲያነሣ መኪናዋ ራሷ ቀስ ብላ ትይዛለች። ምክንያቱም ሞተሩ በዚያን ጊዜ ሥራውን ይለውጣል፤ ጎማውን ማዞሩን ትቶ በጎማው እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የመነጨውም ወደ ባትሪው ይመለሳል። ቁልቁለት ላይ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ፍሬን ሳይነካ ተራራ ይወረዳል፤ ባትሪውም ጥቂት ይሞላል። ሰው ሲለምደው ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን እስኪረሳ ድረስ ይመቻል።

ጣት የነካችው ግን ኤንን ነበር። ኤን ማለት ድሮ ሾፌሮች "ፎሌ" የሚሉት ነው። ሞተሩ ከጎማው ጋር ያለው ጉዳይ ይቋረጣል። መግፋትም ይቀራል፣ መያዝም ይቀራል። እግር ተነሣ፤ መኪናዋ አልያዘችም። ይልቁንም የለቀቋት ያህል ቁልቁል ፈጠነች። መርገጫው ተረገጠ፤ ምንም መልስ የለም። ከፊታችን አሸዋ የጫነ መኪና እያቃሰተ ይወርዳል። የኋላ መብራቱ በጉሙ ውስጥ እየቀላ፣ እየቀረበ መጣ።

በዚህን ጊዜ ነው ሁለተኛው ቁልፍ የተጫነው። የመጀመሪያውን ለማረም ተብሎ ፒ ተጫነ። መኪናዋ በሩጫ ላይ ሳለች መቆሚያውን አልተቀበለችም፤ እንዲያውም የማናነበውን ቀይ ጽሑፍ አውጥታ መጮህ ጀመረች። ጩኸቱን ለማጥፋት ሦስተኛ ቁልፍ ተጫነ፤ ስክሪኑ ላይ ካርታ መጣ። በአራተኛው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችን ላይ ነፋ። ይህ ሁሉ ቢበዛ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ግን በእነዚያ አምስት ሰከንዶች ዓይናችን ከመንገዱ ተነሥቶ ቁልፎቹ ላይ ነበር።

"እጅ ይነሣ! ፍሬን! ፍሬን አለ!" የሚል ጩኸት ከመካከላችን ከአንዳችን አፍ ወጣ።

እጅ ተነሣ። እግር ፍሬኑን ረገጠ፤ ፍሬኑም ያዘ። ፍሬኑ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። መሪውም ይሠራ ነበር። በዜሮ ማርሽ ውስጥም ቢሆን መኪናዋ መታዘዝ አላቆመችም ነበር፤ እኛ ግን ለማቆም ሳይሆን የሠራነውን ስህተት ለመሰረዝ ስንሯሯጥ ነበርን። ከጭነት መኪናው ጋር የቀረን ርቀት ምን ያህል እንደ ነበር አንገምትም። የጫነው አሸዋ ከሸራው ሥር ሲንጠባጠብ አይተነዋል ብንል ይበቃል።

ወደ ዳር ወጥተን አንድ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት ቆምን። ልባችን ይመታል። እማማ ከኋላ ነቅተው፣ "ደረስን እንዴ?" አሉ።

ከጎሚስታው ቤት አንድ ወጣት ላስቲክ ራሱ ላይ ደፍቶ መጣ። በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ዳሽቦርዱን አየና ፈገግ አለ። "ኤን ላይ አድርጋችኋት ነው። ፍሬኑን ረግጣችሁ ዲን ተጫኑ፤ ሌላ ምንም የለባትም" አለን። ከዚያም፣ "ስትደናገጡ አትነካኩ። መጀመሪያ አቁሟት፤ ከዚያ ጠይቁ" ብሎ ጨመረ። ጉም ማጥፊያው የትኛው እንደሆነም አሳየን። ለሻይ ልንሰጠው ስንል እጁን አወዛውዞ በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

እቤት ደርሰን እራት ላይ ስንቀመጥ ምክንያቶቻችን አንድ በአንድ መጡ። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። ልጃችን የለጠፈችው ወረቀት በላብ ተላቋል። ቁልፎቹ ተቀራርበዋል፤ ፋብሪካው ምነው ትንሽ ቢያራርቃቸው? ጨለማ ነበር፤ ዝናብ ነበር። ከለቅሶ ስንመለስ ልባችን ከብዶ ነበር። የተወደዳችሁ፣ አንዱም ውሸት አልነበረም። ሁሉም እውነት ነው። ሆኖም ምክንያቶቹን ሁሉ ደምረን ስናበቃም ቁልፉን የተጫነው ያው የሰው ጣት ነበር።

በኋላ ስለዚህ ነገር ስናነብ አንድ የቆየ ታሪክ አገኘን። በአሜሪካ በ1980ዎቹ ውስጥ "መኪናዬ ቆማ ሳለች በድንገት ተፈተለከች፤ ፍሬን ብረግጥም እምቢ አለች" የሚሉ ብዙ ሾፌሮች አቤቱታ አቀረቡ። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጉዳዩን አስጠንቶ ውጤቱን በ1989 እ.ኤ.አ. አወጣ። ብልሽት ባልተገኘባቸው መኪኖች ላይ ከሁሉ የሚቀርበው ምክንያት ሾፌሩ ፍሬን መስሎት የነዳጁን መርገጫ መርገጡ ነው ተባለ። ሰዎቹ ሐሰት አልተናገሩም። በእውነት ፍሬን የረገጡ መስሏቸዋል። ስለዚህ መኪናዋ ስትፈጥንባቸው እግራቸውን አላነሡም፤ ይልቁንም አጥብቀው ረገጡ። የመጀመሪያው ስህተት የእግር ነው፤ ሁለተኛው ግን "እኔ ልሳሳት አልችልም" ከሚል ልብ የሚመጣ ነው። አገራችን ለዚህ በሽታ ስም አላት፤ "ካፈርኩ አይመልሰኝ" ትለዋለች።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሳያስቡ የሚደረግን ጥፋት ሆን ተብሎ ከሚደረግ ጥፋት ለይተው ያዩታል። በዘዳግም ምዕራፍ 19 አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር ሲሄድ፣ ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው ምን እንደሚደረግ ተደንግጓል። ያ ሰው ጠላትነት አልነበረውም። መሣሪያው ከዳው። የዘመኑ መሣሪያ ምሳር ነበር፤ የእኛ ዘመን መሣሪያ ቁልፍ የሞላበት ዳሽቦርድ ሆነ እንጂ፣ ነገሩ አንድ ነው። እግዚአብሔር ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሸሽባቸውን ስድስት የመማፀኛ ከተሞች አዘጋጀለት፤ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲህ፣ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ማዶ።

የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተማሪዎች ሳለን የእነዚህን ከተሞች ስም ለፈተና በቃላችን አጥንተናል። ያላስተዋልነው ግን በኢያሱ ምዕራፍ 20 ያለውን አንድ ዝርዝር ነው። የሸሸው ሰው ሮጦ ከተማዋ ውስጥ አይደበቅም። በመጀመሪያ በከተማዋ በር ላይ ይቆማል፤ ያደረገውንም ነገር ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይነግራል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ውስጥ አስገብተው ስፍራ የሚሰጡት። ሳያውቅ ያጠፋውም ሰው ቢሆን መጠጊያውን የሚያገኘው በሩ ላይ ቆሞ "ይህን ያደረገው እጄ ነው" ብሎ ሲናገር ነው። ንጹሕ ልብ ነበረኝ ማለት ከመናገር ነጻ አያወጣም። መናገሩ ግን ወደ መጠጊያው ያስገባል።

የዳዊትን ታሪክ ደግሞ ሁላችን እናውቀዋለን። የዳዊት መጀመሪያ ስህተት የጣት መንሸራተት አልነበረም፤ አይቶ፣ ፈልጎ፣ ልኮ ያስመጣው ኃጢአት ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልከቱ። ቤርሳቤህ ማርገዟን ስትልክበት ዳዊት አልቆመም፤ ሁለተኛ ቁልፍ ተጫነ። ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ኦርዮ አልሄደም። ሦስተኛ ተጫነ፤ አስክሮ ሊልከው ሞከረ። ኦርዮ አሁንም አልሄደም። አራተኛው የኦርዮን ሞት የያዘ ደብዳቤ ሆነ፤ ደብዳቤውንም ያደረሰው ራሱ ኦርዮ ነበር። ዳዊት በመጀመሪያው ቀን ቢቆም ኖሮ ኀፍረቱ ከባድ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ኦርዮና ከእርሱ ጋር የወደቁት ወታደሮች በሕይወት ይኖሩ ነበር። እግዚአብሔር ነቢዩን ናታንን በመላክ የንጉሡን እጅ ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። ዳዊትም በስተመጨረሻ ምክንያት ሳይደረድር መበደሉን በአጭር ቃል ተናገረ።

እስከዚህ ድረስ ስብከት ነው። ስብከት ለእኛ አይከብደንም። የከበደን የሚቀጥለው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በምናገለግልበት አጥቢያ የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሒሳብ አልገጠመም። ገንዘቡን የሚይዙት ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ነበሩ። ብዙ ዓመት ያለ ክፍያ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሒሳቡ ተጣርቶ ሳያልቅ፣ ወሬ እንዳይበዛ በሚል ችኮላ፣ እኒህ አባት ለጊዜው ከአገልግሎት መታገዳቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ በእሑድ ጉባኤ ፊት ተነበበ። ከሦስት ወር በኋላ ገንዘቡ ተገኘ። ወደ ሌላኛው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሒሳብ ገብቶ፣ ደረሰኙም በሌላ ፋይል ውስጥ ታስሮ ኖሯል። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።

በዚያን ቀን መቆም ነበረብን። አልቆምንም። "ጉዳዩ የተጣራ ስለሆነ ወደ አገልግሎትዎ መመለስ ይችላሉ" የሚል ደብዳቤ ጻፍን። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። ሁለተኛው ቁልፍ ይህ ነበር። እርሳቸው አልተመለሱም። ሰዎች ሲጠይቁን "ቅር ብሏቸዋል፤ እንጸልይላቸው" አልን። ሦስተኛው ይህ ነው። ከዚያም አንድ እሑድ ስለ መራርነት ሥር ሰበክን፤ በጉባኤው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ስለ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ያ አራተኛው ነው። የእግዚአብሔርን ቃል ጥፋታችንን መሸፈኛ አደረግነው። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል።

ከሱሉልታ በተመለስንበት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለን፣ "መጀመሪያ አቁሟት" የሚለው የዚያ ወጣት ቃል ተመላለሰብን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ እኒህ አባት ቤት ሄድን። የሽማግሌዎችን ኮሚቴ አላስከተልንም። ቡና ተፈላ። ሁለት ስኒ እስክንጠጣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆች ተነጋገርን፤ ከዚያ የመጣንበትን ተናገርን። እርሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም፣ "መጋቢ፣ መምጣትዎ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በጉባኤ ፊት የተነበበ ደብዳቤ በሳሎን ውስጥ አይነሣም" አሉ።

ልክ ነበሩ። በሳሎን ውስጥ ያለቀ መስሎን እፎይ ልንል ስንዘጋጅ፣ ያ እፎይታ ራሱ አምስተኛው ቁልፍ ሊሆን ነበር።

የሚነበበውን ለመጻፍ በተቀመጥን ጊዜ ከአማርኛችን ጋር ታገልን። መጀመሪያ የመጣልን "በወቅቱ ስህተት ተፈጥሯል" የሚል ነበር። ይህን ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ሰምተነዋል። ስህተቱ ራሱን በራሱ የፈጠረ ያስመስላል፤ አባትም እናትም የለው። ሰረዝነው። ቀጥሎ "ተሳስተናል" ብለን ጻፍን። ይህ ይሻላል፤ ግን እርሱም መሸሸጊያ አለው። "ተሳስተናል" ሲባል ጥፋቱ ለአሥር ሰው ይካፈልና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቅንጣት ማንንም አያሳፍርም። ኑዛዜ ተብሎ የሚተረጎመው የአዲስ ኪዳን የግሪክኛ ቃል "ሆሞሎጌኦ" ነው፤ ከሥሩ ሲታይ "አንድ ዓይነት ነገር መናገር" ማለት ነው። እግዚአብሔር ስለዚያ ነገር የሚለውን እኛም መልሰን ማለት ነው። እግዚአብሔር ያንን ደብዳቤ እንዲነበብ ማን እንደ ገፋ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ "ትንሽ እንቆይ" ብለው ነበር። የቸኮለው መጋቢው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ መጋቢው በዚያው መድረክ ላይ ቆሞ "የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ የእኒህን አባት ስም ያጎደፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያም በኋላ ሸፋፍኛለሁ" ብሎ አነበበ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። እኒህ አባት መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ቡራኬው ሳይሰጥ ወጥተው ሄዱ። ወደ ቀድሞ አገልግሎታቸው አልተመለሱም። ዛሬ በሌላ አጥቢያ ያመልካሉ። በበዓል ቀን ግን እንደዋወላለን፤ ባለፈው ጊዜ ቀድመው የደወሉት እርሳቸው ናቸው። ይቅርታ መጠየቅ የሄደውን ሁሉ እንደማይመልስ ከዚህ ተማርን። ፍሬን የተረገጠበት ቦታ ላይ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ የወረደችውን ቁልቁለት ወደ ላይ አትመልሰውም። የቀረውን ጉዳት ግን ያስቀራል።

አሁን ከመጀመሪያው ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። "ማን ነበር የሚነዳው?" አላችሁ። አንድ ሥጋ ነን ብለን አልፈነው ነበር። አሁን እንደምታዩት፣ ያ ቀልድ ራሱ መደበቂያ ነበር። መሪውን የያዘው መጋቢው ነው። ኤንን የነካችው ጣት የእርሱ ናት። "እጅ ይነሣ! ፍሬን አለ!" ብላ የጮኸችው ሚስቱ ናት፤ ከእግዚአብሔር በታች ሦስታችንንም ያተረፈችን እርሷ ናት።

ከላይ ስንተርክ የዘለልነው አንድ ቃልም አለ። ያ "ቲን" የሚል ድምፅ እንደ ተሰማና መኪናዋ መፍጠን እንደ ጀመረች፣ ፒ ከመጫኑ በፊት፣ መጋቢው ወደ ጎን ዞሮ "ምን ነካሽ?" ብሎ ነበር። በአማርኛችን ይህ ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ "ምን ነገር ዳሰስሽ?" ማለትም ነው፣ "ምን ሆንሽ?" ማለትም ነው። እርሱ ሁለቱንም አስቦ ነበር። እርሷ ግን ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ መንገዱን ታይ ነበር። እንግዲህ በዚያ መኪና ውስጥ ሁለተኛው ቁልፍ ፒ አልነበረም። ሁለተኛው ቁልፍ ይህ ቃል ነበር። አዳም በገነት ውስጥ እግዚአብሔር ሲጠይቀው ከሚስቱ ላይ እንዳሳበበ በስንት ሰርግ ላይ አስተምረናል! በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ግን ያንኑ ለመድገም አንድ ሰከንድ አልፈጀብንም።

ይህንን አንቀጽ እንዲጻፍ የጠየቀችው እርሷ አይደለችም። ተነቦላት ስትሰማ ግን ትንሽ ሳቀችና "ለእማማ እንዳታነብላቸው፤ ተኝቼ አመለጠኝ ብለው ይቆጫሉ" አለች።

የተወደዳችሁ፣ ምናልባት ዛሬ ይህን ከምታነቡት መካከል አንዳንዶቻችሁ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ይሆናል። በልጃችሁ ላይ ያልሆነ ቃል ተናግራችሁ ይሆናል። በሥራ ቦታ የሌላ ሰው ስም ላይ ፈርማችሁ፣ ወይም የሰማችሁትን ሳታጣሩ አውርታችሁ ይሆናል። ምናልባትም እንደ እኛ ክፋት አላሰባችሁም፤ ጉሙን ልታጠፉ ፈልጋችሁ ነው። ጌታ የእጅን መንሸራተት ያውቃል፤ ለዚያ መጠጊያ ሳያዘጋጅ አልቀረም። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን አትጫኑ። እጃችሁን ከቁልፎቹ ላይ አንሡ። ፍሬኑን ርገጡ፤ ፍሬኑ ዛሬም ይሠራል። ወደ ዳር ወጥታችሁ ቁሙ። ከዚያም ለበደላችሁት ሰው፣ በደሉ በተሰማበት ስፍራ፣ "እኔ ነኝ" በሉ። በሳሎን የተነገረውን በሳሎን፣ በጉባኤ የተነበበውን በጉባኤ።

ልጃችን የተላቀቀውን ወረቀት አንሥታ በምትኩ አዲስ ለጥፋልናለች። ከኤን በላይ በቀይ እስክሪብቶ "አትንኩ" ይላል። ጉም ማጥፊያው ላይ ደግሞ ትልቅ ደመና ሣለችበት። አሁን ዝናብ ሲመጣ ቁልፉን የሚጫነው ከጎን የተቀመጠው ሰው ነው፤ የሚነዳው ሁለት እጁን መሪው ላይ ያደርጋል። እንዲህ ብለን ተስማምተናል፤ እስካሁንም ማንም "ምን ነካሽ?" አላለም።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።